ሁለቱን ተከራካሪዎች ስላቀያየሩልን ምስጋና ይድረስዎ

ለተከበሩ የ«ሳናቋርጥ» ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ውይይት አዘጋጅና አወያይ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጉሮሮዎ ሳይሻክር፣ ኮትዎ ሳይጨማደድ፣ የጀመሩትም ዓረፍተ ነገር በማንም ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው እንዲደርስልዎ ያለኝን ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ ቢያገኙ ኖሮ ከትከሻዬ በቀር ፍጹም ደኅና መሆኔን እነግርዎ ነበር፤ ትከሻዬንም ቢሆን ያጎበጠው የእርስዎ ጥልቅ ሐሳብ ስለሆነ እኮራበታለሁ እንጂ አላማርርበትም።

ማን እንደሆንኩ በስም ብነግርዎ እንደማያስታውሱኝ ስለማውቅ በቦታ ልንገርዎ። ፕሮግራምዎ በሚተላለፍበት ስክሪን ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጥግ፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሸፈነውን ትንሽ መስኮት ያስታውሷት ይሆናል። በዚያች ውስጥ ቆሜ፣ እናንተ በአፍ የምትሉትን ሁሉ መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች በምልክት ቋንቋ የምተረጉመው ሴት እኔ ነኝ። በስቱዲዮው ውስጥ «የጥጓ ሴትዮ» እባላለሁ። ሹመቱን በደስታ ተቀብዬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ። በርዎን አንኳኩቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ውይይት ላይ መሆንዎን በትሕትና ነገረችኝ። በማግስቱም ተመለስኩ፤ ያው ውይይት ላይ ነዎት። እኔ እርስዎን ካወቅሁ ጀምሮ ከውይይት ሲወጡ አይቼ ስለማላውቅ፣ በር ላይ ቆሞ መጠበቁ ዕድሜ መጨረስ ነው ብዬ ወደ ጋዜጣው ዞርኩ።

መነሻዬ በስቱዲዮው በር ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው «በአስተርጓሚዋ ጉድለት ምክንያት በተመልካቾች ላይ መደናገር በመፈጠሩ» ከመጪው ወር ጀምሮ መስኮቷ እንደምትዘጋ፣ ቦታዋም ለስፖንሰራችን ለፍራሽ ፋብሪካው እንደሚሰጥ፣ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾችም ከፕሮግራሙ በኋላ አጠር ያለ የጽሑፍ ማጠቃለያ እንደሚላክላቸው ያበሥራል። ሳነበው መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ፤ አራት ሰዓት የሚፈጅ ውይይት ስፖንሰር ያደረገው ፍራሽ ሠሪ ደንበኛውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው ብዬ። ሳቁ ሲያልቅ ተናደድኩ። አሁን ሁለቱም አንድ ላይ ይዘውኛልና ብዕሬ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ቢል ይታገሡኝ፤ ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ርዝመት።

ፕሮግራምዎ እኔ ከማውቃቸው ውይይቶች ሁሉ ረጅሙ በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት። ሌላው አጫጭሩን ሲለቃቅም እርስዎ ለአንድ አከራካሪ ጉዳይ አራት ሰዓት ሙሉ ይሰጡታል። የመጀመሪያው ሰዓት እንግዶችን ለማመስገን፣ ሁለተኛው ጉዳዩ ምን እንዳልሆነ ለማስረዳት፣ ሦስተኛው ማን ማንን እንዳቋረጠ ለማጣራት ይውልና፣ በአራተኛው ጉዳዩ ብቅ ሲል ሰዓቱ አልቆ ለሳምንት ይቀጠራል። ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ያግቡ አያግቡ በሚለው ርዕስ ላይ የተጀመረው ውይይት መቋጫ ሳያገኝ፣ ከካሜራ ሠራተኞቻችን አንዷ ማንንም ሳታስፈቅድ አግብታ፣ የጫጉላ ፈቃዷን ጨርሳ፣ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ስትመለስ እናንተ ገና «ፈቃድ» ስንል ምን ማለታችን ነው የሚለው ላይ ነበራችሁ።

በእኛ ሙያ እንዲህ ላለ ረጅም ንግግር ሁለት አስተርጓሚ ይመደባል፤ ግማሽ ሰዓት አንዱ፣ ግማሽ ሰዓት ሌላው እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ይህን በአክብሮት ባሳስብዎ ጊዜ አንድ ሐሳብ ለሁለት ሰው እንደማይከፈል አስረዱኝ። እውነትዎን ነው። በዚህ ምክርዎ የተነሣ ክንዴ እንዲህ ጠንክሮልኛልና፣ በሰፈሬ አልከፈት ያለ የጠርሙስ ክዳን፣ አልዘጋ ያለ ሻንጣ፣ ዝገት የያዘው የበር ቁልፍ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

ሁለተኛ፤ ስለ አፍ ብዛት።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሰውን ስም ፊደል በፊደል ሲቆጥሩ አይውሉም፤ ከሰውየው አመል ላይ አንዲት ምልክት ቆርጠው ስም ያወጡለታል። በስተግራ የሚቀመጡት እንግዳዎ በየሁለት ቃሉ ብርጭቆ ስለሚያነሡ «ውሃ ጠጪው» ተብለዋል። በስተቀኝ ያሉት ደግሞ መልስ ሲጠፋቸው ጺማቸውን ስለሚያባብሉ «ጺም ዳባሹ» ተብለዋል። የእርስዎን ስም ለመናገር አደቤ ይከለክለኛል፤ ብቻ ምልክቷ የኮት እጅጌን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ማድረግ እንደሆነች ልጠቁምዎ፣ ይህን ሲያነቡም አድርገውት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ስንት ወር ሙሉ ስለ አሮጌው የገበያ አዳራሽ ተከራክረዋል። ውሃ ጠጪው ይፍረስና በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ይቁም ይላሉ፤ ጺም ዳባሹ አይፈርስም፣ ይጠገን ይላሉ። ማን ምን እንዳለ ተመልካቹ እንዲለይ እኔ ውሃ ጠጪው ሲናገሩ ትከሻዬን ወደ እሳቸው ወንበር ዘንበል፣ ጺም ዳባሹ ሲናገሩ ወደ እሳቸው ወንበር ዘንበል አደርጋለሁ፤ እርስዎ ሲናገሩ ደግሞ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። የሙያው ደንብ ይህ ነው፤ ሰዎች ተራ በተራ ሲናገሩ ደንቡ ግሩም ይሠራል።

ነገር ግን የእርስዎ እንግዶች ተራ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፣ በአንድ ጊዜ ይቀጥላሉ፣ እርስዎም አንድ በአንድ ይናገሩ ዘንድ ለመለመን መሃል ሲገቡ ሦስተኛ አፍ ይሆናሉ። አፍ ሦስት፣ እጅ ሁለት! እኔም ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል፣ መሃል ቀጥ፣ እንደገና ወዲህ። ከፎቅ በታች ያለው ጎረቤቴ፣ ሕፃን እንዳይቀሰቅስበት ቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ የባንክ ሠራተኛ፣ የሰውነት ማጠንከሪያ ፕሮግራም መስሎት እኔን እየተከተለ ሲሠራ ከርሞ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ደረጃ ላይ አግኝቶ አመሰገነኝና የወገብ እንቅስቃሴ እንድጨምርበት ጠየቀኝ። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ አንድ እንግዳ ይጨምሩ፣ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፤

ይህ ዋናው ቅሬታዬ ነው። ዋና በመሆኑም፣ በፕሮግራምዎ ወግ መሠረት፣ ወደ መጨረሻ አስተላልፌዋለሁ። እባክዎ አብረውኝ ይቆዩ።

አራተኛ፤ ስለ መስታወቱ።

አሁን አባቴን ላስተዋውቅዎ። አባቴ አናጺ ነው፤ በዚያው በአሮጌው ገበያ ውስጥ፣ ከገመድ ሻጮቹ ጀርባ፣ በርጩማና መደርደሪያ የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አይሰማም። የምልክት ቋንቋ ሙያ የሆነኝ ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ከእሱ ጋር ለማውራት ብዬ ነው። ስለ ገበያው የሚደረገውን ውይይት ከሱቁ ጓደኞች ጋር ሆኖ አንድም ሳምንት ሳያመልጠው ይከታተላል።

የገበያው ውይይት በተጀመረ ሰሞን አባቴ አንድ ሰኞ ጠዋት ቅባትና ጨርቅ ይዞ ቤቴ መጣና፣ ምን ሆንሽ ሳይል፣ ቀኝ እጄን ይዞ ይጠመጥምልኝ ጀመር። ለካስ በቴሌቪዥን ሲያየኝ ሥራውን ሁሉ በግራ እጄ ስሠራ ነው የሚያየኝ፤ ቀኜን የሆነ ነገር አግኝቶታል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ አድሯል። በቀኜ እንደምሠራ ብምልለት አላመነኝም፤ እኔም የእሱን ዓይን አላመንኩም። አይ ጉድ! ሽማግሌ አባቴን ጎትቼ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ መነጽር የሚያስፈልገው ለእኔ እንደሆነ ነገረኝ።

ምስጢሩን የነገረኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ምስል የሚያቀናብረው ቴክኒሻን ነው። እርስዎ ፕሮግራሙን በቤትዎ ተቀምጠው ሲያዩ፣ ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ጀርባዋን የሰጠችዎ መስሎ ታይቶዎታል። ባለቤትዎም ምን አድርገሃት ነው ያኮረፈችህ ብለው ቀልደዋል አሉ። በማግስቱ ስቱዲዮ ገብተው፣ ሴትዮዋ ወደ እኔ ትዙር ብለው አዘዙ። እኔን ዙሪ ቢሉኝ በዞርኩ ነበር፤ ሳልጠየቅ፣ ሳይነገረኝ፣ ምስሌን እንደ መስታወት አስገለበጡት። በቴክኒሻኑ በኩል አንዲት ቁልፍ መጫን ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስክሪኑ ላይ በአክብሮት ወደ እርስዎ ስመለከት እታያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ሲገለበጥ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ወደ ውሃ ጠጪው ዘንበል ስል ተመልካቹ የሚያየኝ ወደ ጺም ዳባሹ ዘንበል ስል ነው። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾችዎ በሙሉ፣ ውይይቱ ከተጀመረ አንስቶ፣ ገበያው ይጠገን የሚሉት ውሃ ጠጪው፣ ይፍረስ የሚሉት ጺም ዳባሹ እንደሆኑ አምነው ኖረዋል።

እንዴት አንድ ሰው እንኳ ሳይነቃ ቀረ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ አይተው እንዳይለዩ፣ ሁለቱም ከንፈሮች አራት ሰዓት ሙሉ አያርፉም። ከንግግራቸው እንዳይለዩ፣ ሁለቱም ለመጪው ትውልድ ይቆረቆራሉ፣ ሁለቱም ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ፣ ሁለቱም ነገሩን ከታሪክ አኳያ ያዩታል። «ለመጪው ትውልድ» የሚለውን ምልክት እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ነው የሚሠራው፤ ባለፈው ታክሲ ሳስቆም ሠርቼዋለሁ። ከተመልካቾቹ አንዱ፣ ጠንቃቃ ልብስ ሰፊ፣ ግራ ሲገባው ለማጣራት ጋዜጣ ገዛ፤ ጋዜጣውም ሁለቱም ተከራካሪዎች ለሕዝቡ ጥቅም አጽንዖት እንደሰጡ ጽፎ አገኘው። አጣጥፎ መቀስ ጠቀለለበት።

አምስተኛ፤ ስለ በዓሉ።

ፕሮግራምዎ የተጀመረበትን ዓመታዊ በዓል ለማክበር በትልቁ አዳራሽ ተመልካቾችን በጋበዙ ጊዜ፣ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾችዎ የፊቱን ወንበሮች ሞልተው ነበር። አባቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በክንዱ ይዞ መጣ። ስጦታ የሚያቀርቡ እንዲወጡ ሲባል፣ አባቴ ወደ መድረኩ ወጣ፤ በጺም ዳባሹ ፊት ሲያልፍ ገበያዬን ሊያፈርስ የተነሣ ሰው ብሎ ፊቱን ክፉኛ አጨማደደባቸው፤ እኚያ ምስኪን፣ ለገበያው ድምፃቸው እስኪዘጋ የጮኹት ሰውዬ፣ ጺማቸውን ይዘው ቀሩ። አባቴ ውሃ ጠጪው ጋ ሲደርስ ጨርቁን ገለጠና፣ ከአሮጌው ገበያ ከወለቀ እንጨት በገዛ እጁ የሠራውን በርጩማ እግራቸው ሥር አስቀመጠላቸው። ከዚያም አቀፋቸው። አባቴ ሲያቅፍ እንደ አናጺ ነው፤ አጥብቆ ነው የሚገጥመው።

ከኋላው ተከታትለው ሌሎቹ ተሰለፉ፤ ገመድ ሻጩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሚዛን ጠጋኟ። ሁሉም ውሃ ጠጪውን አቀፉ፣ ሁሉም ጺም ዳባሹን ገላመጡ። ውሃ ጠጪው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ እነዚህ ሰዎች ለምንድን ነው እንዲህ የወደዱኝ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እኔም ሥራዬ ነውና፣ ገበያችንን ከመፍረስ ስለጠበቁልን ነው የሚሉት ብዬ በታማኝነት ተረጎምኩላቸው። ውሃ ጠጪው ብርጭቆ ፈለጉ፤ አልነበረም። በርጩማው ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። በ«ሳናቋርጥ» ታሪክ ያን ያህል የቆየ ዝምታ ሆኖ ስለማያውቅ የድምፅ ክፍሉ መስመር ተቋረጠ ብሎ ማስታወቂያ ለቀቀ። እኔ ያኔ መጋረጃ ጀርባ ገብቼ፣ ቴክኒሻኑ ሁሉን ነገር ዘርግፎልኝ፣ ሆዴን ይዤ እየሳቅሁ ነበር፤ ይህን አልደብቅዎትም። በስተኋላም ጥፋቱ የአስተርጓሚዋ እንደሆነ እርስዎ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ሰማሁ። በዚያ ሰዓት ሳቄ ውሃ በላው።

ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ነገሩን ለአባቴ ነገርኩት። ያፍራል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀ፤ የአባቴ ሳቅ ድምፁን እሱ ስለማይሰማው ልክ የለውም። ሲያበቃ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ገበያው አንድ በር ብቻ ስላለው እሳት ቢነሣ ሰው ይታፈናል የሚለውን ነገር ማን ነበር የተናገረው አለኝ። ይህን የተናገሩት ውሃ ጠጪው ናቸው፤ ለይፍረስ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። አባቴ ከሚጠላው ሰው አፍ የወጣ መስሎት እንኳ ነገሩ ልቡ ገብቶ፣ እሳት ተብሎ ቢጮህ እኔ አልሰማም ብሎ ስንት ሳምንት ሲያሰላስለው ከርሟል። ገበያው ይጠገን ማለቱን አልተወም፤ በዚህች በበሩ ነገር ግን ሐሳቡን ቀይሮ፣ ሌላ በር ይከፈትለት ይላል። ውሃ ጠጪው መሆናቸውን ስነግረው፣ እንግዲያስ በርጩማው ለባለቤቱ ደርሷል አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ይህን እባክዎ ልብ ይበሉልኝ። በፕሮግራምዎ የተነሣ ሐሳባቸውን የቀየሩ ሰዎች ስንት እንደሆኑ እኔ ጥጌ ላይ ቆሜ ስቆጥር ነበር፤ ማንም የለም። ከእንግዶቹ የለም፣ ከእርስዎ የለም፣ ከእኔም የለም። አባቴ አለ።

አሁን ወደ ሦስተኛው።

በእኛ ቤት እሑድ እሑድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰበሰባለን። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እሱ ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ልጅ ሆኜ የማስታውሰው አባቴ ሁላችንም ስንስቅ ፊታችንን አንድ በአንድ እያየ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ አጎቴ በእጁ አየሩን ጠረግ አድርጎ፣ ምንም አይደለም፣ በኋላ ሲለው ነው። ፖለቲካ ሲነሣም፣ ጎረቤት ሲጣላም፣ ሰው ሲሞትም እንዲሁ። በኋላ የተባለው ነገር አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። አጎቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከወንድሙ ጋር አብሮ አርጅቶ የሚያውቃቸው ምልክቶች «ብላ»፣ «ና» እና «ተኛ» ብቻ ስለነበሩ ነው።

የገበያው ውይይት ከተጀመረ ወዲህ አንድ እሑድ፣ አጎቴ ገበያው ቢፈርስ ምን አለበት ብሎ ሲያወራ፣ አባቴ ከአኳኋናችን ርዕሱን ገመተና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና የሚያስበውን ሁሉ በእጁ ዘረገፈው፤ እኔ ከሥር ከሥሩ በድምፅ እየተረጎምኩ አልደርስበት አልኩ። ክርክሩን ሁሉ ያውቀዋል፣ የሁለቱንም ወገን! አጎቴ፣ ወንድሙ ስለ ዓለም ነገር አሳብ እንዳለው የዚያን ቀን ገና ማወቁ ነበር።

አጎቴ ደግሞ በክርክር መሸነፍ ሞቱ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቀደም ብሎ መጥቶ ወጥ ቤት አስገባኝና፣ አንዲት ምልክት አስተምሪኝ አለኝ። «ተሳስተሃል» የምትለዋን። አስተማርኩት። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ወንድሙን ፊት ለፊት እያየ፣ በዚያ ወፍራም ጣቱ እንደምንም አደረጋት። እሰይ! አጎቴ አሞግሶት ቢሆን እንኳ አባቴን እንዲያ ደስ አይለውም ነበር፤ ዓይኑ በራ። አጎቴ በሳምንቱ «ለምን» የሚለውን ተማረ፣ ከዚያ «ማስረጃ»ን፣ ከዚያ «ውሸት»ን። አሁን እሑድ እሑድ አብረው ፕሮግራምዎን ያያሉ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ፊት ለፊት ዞረው ይጨቃጨቃሉ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ማንም አይቆጣም። ሁለት ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልተነጋገሩትን እያወራረዱ ነው፤ ሰበቡ ደግሞ፣ ቢያምኑም ባያምኑም፣ እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ሊዘጓት የወሰኑት መስኮት ይህች ናት። በምትኩ ሊልኩ ያሰቡትን ማጠቃለያ ናሙናውን አይቼዋለሁ፤ ለአራቱ ሰዓት ውይይት የተጻፈው «ውይይቱ እጅግ ጠቃሚ ነበር» የሚል አንድ መስመር ነው። አጎቴ እንኳ በእጁ አየር ሲጠርግ ከዚህ የበለጠ ይናገር ነበር።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ መስኮቷ ባለችበት እንድትቆይ ነው። ፍራሹን ከተፈለገ ከእግሬ ሥር ያንጥፉት፣ በሦስተኛው ሰዓት ላይ እጅግ ይጠቅመኛል። ምስሌን ወደ ትክክለኛው ይመልሱት ወይስ እንደተገለበጠ ይቆይ የሚለውን ለተመልካቾቹ አቅርቤ ነበር፤ አብዛኞቹ ይመለስ ሲሉ፣ ጥቂቶች ግን ሁለቱም ሰዎች ተለዋውጠው ይሻላሉና አይነካ ብለዋል። ጺም ዳባሹን ግን አባቴ ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ ለእሳቸውም በርጩማ ጀምሯል።

በመጨረሻም ለትዕግሥትዎ፣ ለአራቱ ሰዓታት፣ ለክንዴ ጡንቻ፣ ለጎረቤቴ ቀበቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ እርስዎ ፊቴን እንዳዞር ለነበረዎ ጉጉት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የፈለጉት ፊቴን ብቻ ቢሆንም፣ ባለማወቅ ሁለት ወንድማማቾችን ፊት ለፊት አዙረዋልና ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

በታላቅ አክብሮትና በደከመ ትከሻ፣
ወደ እርስዎ መመልከቷን ያላቋረጠችው፣ ቢገለብጧትም ቀጥ ብላ የምትቆመው፣
የጥጓ ሴትዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መስኮቷ ከተዘጋች በኋላ በሚውለው የመጀመሪያ እሑድ ለታዳሚ መድረክ እንደሚከፍቱ ሰምቼ አባቴን አስመዝግቤዋለሁ። ጸሐፊዎ ሙያውን ጠይቃ አናጺ መሆኑን ስትሰማ፣ የሚንገዳገደውን ጠረጴዛዎን ሊጠግን የሚመጣ መስሏት በደስታ መዝግባዋለች። ስለ አካል ጉዳት የሚናገር እንዳይመስልዎ፤ የሚናገረው ስለ ገበያውና ስለዚያ አንድ በር ነው። አጎቴም ሊቃወመው ፊት ለፊት ይቀመጣል። እኔ የአባቴን እጅ በድምፅ እየተረጎምኩ ለእናንተ አሰማለሁ፤ ይህን እንደ ልጅ በነፃ አደርገዋለሁ። የእናንተን ድምፅ ወደ እሱ መውሰዱ ግን በማስታወቂያዎ መሠረት የተቋረጠ አገልግሎት ነውና፣ እጅጌዎን እየሳቡ ጊዜዎ አልቋል ሲሉት የሚነግርለት ሰው አይኖርም።